ኢሥቲት፦ የካሩክን የቁማር ቃላት ይዞ በክላማዝ ወንዝ ስድስት ቀን

1ኛ ቀን፦ በርክሌይ

ጉዞው የሚጀምረው ከወንዙ ሳይሆን ከመዝገበ ቃላቱ ነው። ካሩኮች የሚኖሩት በካሊፎርኒያ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በክላማዝ ወንዝ መካከለኛ ክፍል ነው። የቋንቋቸው መዝገብ ብዙው ክፍል ግን ከዚያ ርቆ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። የቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ብራይት በ1949 ገና ተማሪ ሳለ ወደ ወንዙ ወጥቶ መመዝገብ ጀመረ፤ ሰዋስዉን፣ ተረቶቹንና ቃላቱን በ1957 አሳተመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካሩኮች «ኡህያናፓታንቫኒች» የሚል ስም አወጡለት፣ «ትንሹ ቃል ጠያቂ» ማለት ነው። በ2005 ከካሩኳ የቋንቋ ባለሙያ ከሱዛን ጌር ጋር ያወጣው መዝገበ ቃላት ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ለሚገኘው መሠረት ሆኗል።

መንገድ ከመውጣት በፊት ሦስት ነገር መስተካከል አለበት።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። ካሩክ ምላስ በፊት ጥርሶች መካከል ገብቶ የሚተነፈስ ድምፅ አለው፤ እንግሊዝኛ አዋቂ «ሳንክዩ» ሲል መጀመሪያ ላይ የሚያሰማው ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ድምፅ በሠ እንጽፈዋለን፤ ሠ በአማርኛ ከሰ የተለየ ሥራ ካጣ ቆይቷልና ለጥቂት ገጽ ብናበድረው አይቀየምም። ኸ እንዳለ ይሠራል። ቨ ግን ከንፈርን በጥርስ ነክሶ አይደለም፤ ሁለቱ ከንፈሮች ተቀራርበው፣ በወ እና በቨ መሃል የሚወጣ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ጨርሶ የሉም። በ፣ ደ፣ ገ፣ ለ፣ ዘም የሉም። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ጠንከር ሲልበት ት-ን ወደ ጥ ይገፋታል።

ሁለተኛው አፈላለግ ነው። የጉዟችን ዋና ቃል «ኢሥቲት» ግስ ነው፤ በቀጫጭን እንጨቶች እሽግ መቆመር፣ ምልክት ያለባት እንጨት በየትኛው እጅ እንዳለች እየገመቱ መጫወት ማለት ነው። በተረቶቹ ውስጥ ግን እንዲህ ራቁቱን አይገኝም። «ኒሥቲት» ሲሆን እኔ፣ «ኡሥቲት» ሲሆን እሱ ወይም እሷ፣ «ኩኒሥቲት» ሲሆን እነሱ ናቸው። «ኡ» ስትገባ የግሱን መነሻ «ኢ» ትውጣታለች። ስለዚህ «ኡሥቲት»ን በኡ ሥር የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «ይቆምራል»ን በይ ሥር እንደመፈለግ ነው። ድርጊቱ እየተካሄደ ሲሆን መጨረሻው ላይ «ቲህ» ይጨመራል፣ በቃሉ ውስጥ ጎላ ብሎ የሚነበበው ቦታም (አክሰንቱ) ከአንዱ ክፍለ ቃል ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። መፍትሔው የፊቱን ቅጥያ ቆርጦ፣ «ኢ»ን መልሶ፣ የአክሰንት ምልክቱን ትቶ መፈለግ ነው።

ሦስተኛው በጣም አሳሳቹ ነው። ስቱዋርት ኩሊን በ1907 ባሳተመው፣ የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች ጨዋታዎች በሰበሰበውና ከ800 ገጽ በላይ በሆነው ሥራው «የእንጨት ጨዋታ» የሚለው የግምት ቁማሩን ነው። ክላማዝ ዳር ግን በእንግሊዝኛ «የእንጨት ጨዋታ» ሲባል ሰው የሚረዳው ፈጽሞ ሌላ ነገር፣ ትግል ያለበትን የሜዳ ግጥሚያ ነው። ቁማሩን እዚያ ያሉ ሰዎች «የኢንዲያን ካርታ» ይሉታል። መጽሐፉን ብቻ አንብቦ የሄደ ሰው ስለ ቁማር እየጠየቀ ስለ ትግል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ መሳሳቱንም አያውቅም። ካሩክኛ ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ ቁማሩ ኢሥቲት፣ ግጥሚያው «ኢምሣትቫ»።

2ኛ ቀን፦ ከባሕሩ ወደ ዊችፔክ

ይህ ቀን የመንገድ ነው። በ101 ቁጥር አውራ ጎዳና ሽቅብ እስከ አርካታ፣ ከዚያ በ299 ቁጥር ተራራውን ተሻግሮ እስከ ዊሎው ክሪክ። እዚህ 96 ቁጥር አውራ ጎዳና ይጀምራል፤ እስከ ትልቁ አውራ ጎዳና እስከ ኢንተርስቴት 5 ድረስ ወደ 236 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛውም ወንዝ ዳር ለዳር። ነዳጅ ዊሎው ክሪክ ወይም ሁፓ ላይ ይሞላ። ስልክ ለረጅም ርቀት አይሠራም፤ መዝገበ ቃላቱን በስልክ አያለሁ ያለ ሰው የሚፈልጋቸውን ገጾች አስቀድሞ ያውርድ።

መንገዱ መጀመሪያ በሁፓዎች ምድር ያልፋል፣ ትሪኒቲ ወንዝ ክላማዝን በሚገናኝበት ዊችፔክ ዩሮኮች አሉ፣ ከዚያ በላይ ካሩኮች። ሁፓኛ ከአታባስካን ቤተሰብ ነው፣ የናቫሆ ዘመድ። ዩሮክኛ ከአልጎንኪያን ጋር በሩቁ ይዛመዳል። ካሩክኛ ግን የተረጋገጠ ዘመድ የለውም። ሦስቱም ሕዝቦች በአንድ ዓይነት እሽግ ይቆምራሉ፣ በአንድ ዓይነት ዛጎል ይወራረዳሉ፣ በዓላቸውም ይመሳሰላል። አንዱ የሌላውን ቃል ግን እምብዛም አልወሰደም። ጨዋታ በቀላሉ ድንበር ይሻገራል፣ ስሙ ግን እቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ከሁፓ መዝገብ ያገኙትን ቃል «የክላማዝ ቁማር ቃል» ብሎ ካሩክ ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው፤ አሠራሩ አንድ ቢሆንም።

ዊችፔክ ላይ አቅጣጫ ይቀየራል። «ካሩክ» ማለት ወንዙን ሽቅብ ነው። «ዩሩክ» ወንዙን ቁልቁል። የሕዝቦቹ ስሞች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ ዩሮክ የሚባሉት ካሩኮች «የታችኞቹ» ብለው በጠሯቸው ቀርተዋል። «ማሩክ» ከወንዙ ርቆ ወደ ተራራው፣ «ሳሩክ» ከተራራው ወደ ወንዙ። ሰሜንና ደቡብን ለዚህ ቋንቋ ትቶ መሄድ ይሻላል። መንገዱ እንደ ወንዙ ስለሚጠማዘዝ ፀሐይ አንዴ ከፊት አንዴ ከጀርባ ትሆናለች፣ ካሩክ ግን ያው ካሩክ ነው።

3ኛ ቀን፦ ኦርሊንስ፣ ጨዋታው በቅርበት

ኦርሊንስ በካሩክኛ ፓናምኒክ ናት። እዚህ ቆም ብሎ ጨዋታውን ማየት ይገባል፣ ቃሉ ያለ እጁ አይገባምና።

ዕቃው የቀጫጭን እንጨቶች እሽግ ነው፤ ቁጥራቸው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ርዝመታቸው አንድ ስንዝር ገደማ፣ ውፍረታቸው ከስንደዶ ትንሽ ከፍ የሚል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው አንዷ ብቻ ወገቧ ላይ ጥቁር ቀለበት አላት። እሷ አስ ናት። በአንዳንድ እሽግ መለዋወጫ እንዲሆኑ ምልክት ያለባቸው ከአንድ በላይ ይቀመጣሉ፣ በአንድ ዙር የምትገባው ግን አንድ ናት።

ያዡ አሷን ከጥቂት ሌሎች ጋር ወስዶ ሁለት እጁን ወደ ጀርባው ይመልሳል። እዚያ ይበውዛል፣ ለሁለት ይከፍላል፣ በእያንዳንዱ ጭብጥ አንድ አንድ ክፍል ይዞ ወደ ፊት ያወጣል። እንጨቶቹ ከጭብጡ በላይም በታችም ይታያሉ፤ የማይታየው መሃላቸው ብቻ ነው፣ ቀለበቷም ያለችው እዚያ ነው። ከኋላው ያሉት የሱ ወገኖች ይዘፍናሉ፣ ከበሮ ይመታል። ተቃራኒው አሷ ያለችበትን እጅ በእጅ ምልክት ይገምታል።

ቀለበቷ ለምን በትክክል ወገብ ላይ እንደምትሆን ከዚህ ይገባል። ወደ አንድ ጫፍ ካደላች፣ እንጨቷ ስትገለበጥ ከጭብጥ ታፈተልካለች። አራት ጣት ስፋት ካለው ጭብጥ የሰፋ ቀለበትም እንደዚያው። ሁለተኛው የአሠራር ጉድለት ወጥነት ማጣት ነው። ከሌሎቹ ለአንድ ጥፍር ያህል የረዘመች፣ ወይም ትንሽ የጎበጠች አስ በጫፏ ትታወቃለች፤ ገማቹ እጅን ትቶ ጫፍ ይቆጥራል። ሦስተኛው ቀለም ነው፦ በላብ የሚለቅ ቀለም ጣት ላይ ይቀራል፣ የትኛው እጅ እንደነካት ይናገራል።

አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገማቹ ካገኘ ነጥብ አያገኝም፣ እሽጉን ይረከባል እንጂ። ገማቹ ከሳተ ግን ያዡ አንድ መቁጠሪያ እንጨት ይወስዳልና ይዞ ይቀጥላል። እንግዲህ የሚበላው የያዘው ብቻ ነው። ጥሩ ገማች አይበላም፣ እንዳይበላ ያደርጋል። ዘፈኑ የያዡ ወገን መሣሪያ የሆነውም በዚህ ነው፤ ነጥብ የሚገባው እሱ በያዘበት ጊዜ ስለሆነ የገማቹን ሐሳብ መበተን የሚጠቅመው ለሱ ነው። የመቁጠሪያዎቹ ብዛት ከመጀመሩ በፊት ይስማሙበታል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲጠቃለል የተያዘው ንብረት ይበላል።

ቁጥሮቹን ለመከታተል እስከ አስር ማወቅ ይበቃል፦ ዪሣ፣ አኻክ፣ ኩይራክ፣ ፒሥ፣ ኢትሮፕ፣ ኢክሪቭኪህ፣ ኻኪኒቭኪህ፣ ኩይራኪኒቭኪህ፣ ኢትሮፓቲሻምኒህ፣ ኢትራህያር። ለመያዝ የሚቀለው እንዲህ ነው፦ ሰባት ውስጥ ሁለት አለ (አኻክ፣ ኻኪ)፣ ስምንት ውስጥ ሦስት አለ (ኩይራክ)፣ ዘጠኝ በአምስት ይጀምራል (ኢትሮፕ)። ይህ ካልታየ ሰባትና ስምንት በጆሮ ይምታታሉ፣ መጨረሻቸው አንድ ነውና።

እሽግ መግዛት ለሚያስብ፦ ጉዞው ለዚያ አይደለም፤ ይልቅ በአገራችን እርሳስ በሚያክሉ ቀጫጭን ስንጣቂዎች መለማመድ ይቻላል። 10 እንጨት፣ አንዷ ወገቧ የተቀባ፣ ለመማር ይበቃል።

4ኛ ቀን፦ ሶምስ ባርና ካቲሚን

ከኦርሊንስ ሶምስ ባር ሩቅ አይደለም። ሳልመን ወንዝ ክላማዝን እዚህ ያገኘዋል፣ ከፍ ብሎ ኢሺ ፒሺ ፏፏቴ አለ፣ ከፏፏቴው አጠገብ ካቲሚን። ካሩኮች ቦታውን «ኢሢቭሣኔን አቺፕ» ይሉታል፣ የዓለም መሃል። ሠ ሁለት ጊዜ ስለምትመጣ ለአፍ ጥሩ ፈተና ናት። እዚያው ነው «ፒክያቪሽ» የሚባለው ዓለምን የማደስ ሥርዓት የሚካሄደው። ቃሉ ሲፈታ «ኢክያቭ» መሥራት፣ ፊቱ ላይ ያለችው ፕ «እንደገና»፣ መጨረሻው የሚመጣ ጊዜ፦ እንደገና ይሠራል፣ ይጠግናል። ሥርዓቱ ለጎብኚ ትርኢት አይደለም። መንገድ ዳር «አይገባም» ከተባለ አይገባም፤ ፏፏቴው ላይ በመረብ ሳልመን ዓሣ («አማ») የሚያጠምዱትንም ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

የኢምሣትቫ ቃል እዚህ ይነሣ። ሦስት ለሦስት ነው። ኳሱ ኳስ አይደለም፤ ሁለት አጫጭር የእንጨት ቁራጮች በአጋዘን ቆዳ ጠፍር የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፉ የጎበጠ ዱላ ይይዛል፣ ጠፍሩን በጉብጡ ጠልፎ ወደ ግቡ ይወረውራል። ችግሩ ከያንዳንዱ ጋር ተቃራኒው የተጣበቀ መሆኑ ነው፦ ይይዘዋል፣ ይጥለዋል፣ አይለቀውም። ጨዋታው ከመሃል ይጀመራል፤ ከመሃል ያመለጠው ቁራጭ ሜዳው ዳር ሲደርስ እዚያ ያሉት ጥንዶች እየታገሉ ናቸው፣ ቀድሞ የተላቀቀው ያገኘዋል። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ጠፍሩ ከረዘመ ቁራጮቹ ዱላው ላይ ይጠመጠሙና አይወረወሩም፤ ካጠረ ደግሞ ጉብጡ አይጠልፋቸውም።

ተመልካች ይወራረድበታል፣ ስለዚህ ከቁማር ቃላት ጎን መቀመጡ ትክክል ነው። ግን ኢሥቲት አይደለም። የሚወራረደው ዳር የቆመው እንጂ ዱላ የያዘው ስላልሆነ ይመስለናል።

በውርርድ የሚያዘው ነገር ስሙ «ኢሽፑክ» ነው። ዛሬ ገንዘብ ማለት ነው፤ መነሻው የዝሆን ጥርስ የመሰለች፣ ነጭ፣ ክፍት ቱቦ የሆነች የባሕር ዛጎል ናት። ከሰሜን፣ ከቫንኩቨር ደሴት አካባቢ ባሕር እየተቀባበለ የመጣ ነው። ክር ላይ ተሰክቶ ይለካል። ዩሮኮች ዘንድ የተመዘገበው አለካክ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክር ነው፣ ከአውራ ጣት እስከ ትከሻ። ያንን ክር በ11 ዛጎል የሞላ ሰው ከባድ ሀብት ይዟል፣ በ15 የሞላው ግን ያንኑ ርዝመት በርካሽ ነው ያገኘው። የዛጎል ዋጋ በብዛት ሳይሆን በርዝመት መሆኑን ያልያዘ ሰው ተረቶቹን በተገላቢጦሽ ያነባል። ወንዶች ክንዳቸው ላይ የተነቀሰ መስመር ነበራቸው፤ የክሩን ጫፍ ጣት ላይ አድርገው ዛጎሎቹ እስከ የትኛው መስመር እንደደረሱ ያያሉ። ሚዛኑ ቆዳቸው ላይ ነበረ ማለት ነው፣ በክርክር የማይጭበረበር። በተረቱ ደግሞ ፒህኔፊች፣ ማለትም ኮዮቴው (ቀበሮ መሰል አውሬ)፣ ኢሽፑክ ፍለጋ የሚነሣው ወደ ካሩክ፣ ወንዙን ሽቅብ ነው።

ከቁማር ጋር የምትሄድ ሌላ ቃል «ኢክማሃችራም» ናት፣ የወንዶች የላብ ቤት። መጨረሻዋ «ራም» ቦታን ያሳያል። ለእሳቱ የሚሆን ቅርንጫፍ ከዛፍ ላይ ወጥቶ መልቀም፣ ማላብ፣ ቀዝቃዛ ወንዝ መግባት፣ ከሴት መራቅ፦ በዚህ ወንዝ ዳር ገንዘብና የቁማር ዕድል የሚጠራው በዚህ ነበር። እንጨት ለቀማው ራሱ ልመና ነው። ዕድል ያለ ድካም ይመጣል የሚል ሐሳብ በዚህ ቃላት ውስጥ አይገኝም።

5ኛ ቀን፦ ሃፒ ካምፕ

ከሶምስ ባር ሽቅብ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ድንጋይ ከገደሉ ስለሚወርድ በዝናብ ማግስት ቀስ ይባል። ሃፒ ካምፕ የካሩክ ጎሳ አስተዳደር መቀመጫ ነው። በመስከረም 2020 የስሌተር እሳት ከተማዋን አቃጥሎ ብዙ ቤት ወስዷል፣ ጠባሳው ተራራው ላይ አሁንም ይታያል።

እዚህ የካሩኮች የባህል ማዕከልና ቤተ መዘክር አለ። ከመሄድ በፊት ደውሎ ሰዓቱን ማረጋገጥ ነው። ሰላምታው «አዩኪ»፣ ምስጋናው «ዮትቫ» ነው፤ ሁለቱን በትክክል ብሎ የገባ ሰው ሌላውን በእንግሊዝኛ ቢጨርስ ማንም አይታዘበውም።

የሴቶቹን ጨዋታ በአጭሩ። በዚህ አካባቢ ሴቶች የሚጥሉት እንደ ዳይስ ያለ ነው፣ ከዛጎል የተቆረጡ 4 ክብ ቁራጮች። አንዱ ፊት ጎድጓዳ፣ ሌላው ጉብታ ስለሆነ አወዳደቁ ይቆጠራል። ግምት የለበትም፣ ስለዚህ ከእሽጉ ጋር በአንድ ቃል መጠቅለል የለበትም።

ከዚህ ይልቅ የቀኑን ሰዓት የሚበላው «ካርታ» ነው። ነጭ ሰው ወንዙ ላይ የመጣው ከወርቅ ፍለጋው ጋር፣ በ1850 ገደማ ነው። ካሩኮች ባርኔጣውን አይተው ስም አወጡለት፣ «አፕኻንቲኒሂች»፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ። የወረቀት ካርታም አብሮ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ እሽጉ «የኢንዲያን ካርታ» የተባለው ከዚያ ወዲህ፣ ከወረቀቱ ለመለየት መሆን አለበት። እንግዲህ ጥንታዊው ጨዋታ በእንግሊዝኛ በአዲሱ ስም ይጠራል። በመዝገበ ቃላቱ እንግሊዝኛ ክፍል «ካርታ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘውን ሁሉ ምሳሌ ዐረፍተ ነገሩ ድረስ ማንበብ አለበት፤ እንጨት ይሁን ወረቀት የሚለየው እዚያ ነው።

6ኛ ቀን፦ ዋይሪካ

96 ከሲያድ ቫሊ አልፎ ኢንተርስቴት 5 ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ወንዙ ላይ የነበሩት አራት ግድቦች በ2023 እና በ2024 ፈርሰዋል፣ ሳልመንም ወደ ላይ መውጣት ችሏል። ትንሽ ወደ ደቡብ ዋይሪካ ናት። የካሩክ ጎሳ ሬይን ሮክ ካዚኖን በ2018 የከፈተው እዚህ ነው።

ሰው ሁለቱን ቁማሮች በአንድ ዐይን ያያቸዋል፣ ሕጉ ግን አያያቸውም። በ1988 የወጣው የፌዴራል የጎሳዎች ቁማር ሕግ ጨዋታን በሦስት ይከፍላል። በመጀመሪያው ክፍል ያለው ለጥቂት ሽልማት የሚደረግ ማኅበራዊ ጨዋታና ከበዓልና ሥርዓት ጋር የተያያዘ ባህላዊ ቁማር ነው፤ ሥልጣኑ የጎሳው ብቻ ነው፣ መንግሥት እጁን አያስገባም። ሁለተኛው ቢንጎና መሰሎቹ ናቸው። የካዚኖው ማሽን ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፣ ያለ ክፍለ ግዛቱ ስምምነትም አይሠራም። እንግዲህ በሕግ ፊት እሽጉ የካዚኖ ታናሽ ወንድም አይደለም፣ ዘመድም አይደለም።

ማሽኑ ፊት ያዥ የለም፣ ጭብጥ የለም፣ የሚዘፍን ወገን የለም። ኡሥቲት የሚለው ቃል የሚጠይቀው «እሱ» አንድ ሰው ነው፣ እጆቹን ከጀርባው ያወጣ።

ከመኪና ማቆሚያው ሲወጣ ያለው ምልክት ሰሜንና ደቡብ ብቻ ይላል።